ለስልክ ያጠፍሁት ዳዊት

በደርግ ጊዜ ጠመንጃ ያነገተ ካድሬ ሱቄ ውስጥ ቆሞ እያየኝ ዳዊቴን አላጠፍሁም። ዛሬ ጠዋት ግን ለስልክ አጠፍሁት።

ሱቁ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነበር። አባቴ «ዳዊት ከጀመርህ ሳትጨርስ ከሰው ጋር እንዳታወራ» ብሎኛልና፣ የዕለቱን ሳልደግም ጨው እንኳ አልሸጥም ነበር።

ካድሬው ገባና «ጓድ፣ ምንድን ነው የምታነበንበው?» አለኝ።

ንባቤን ቀጠልሁ። ፊደሉ ዐይኔ ላይ ይዘል ጀመር። በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን የተወሰዱ ሁለት ሰዎች አልተመለሱም።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዳዊት ላይ ነው፤ ሲጨርስ ይመልስልዎታል» አለችው።

«እኔን ሊያስጠብቀኝ?»

«እኔንም በየቀኑ ያስጠብቀኛል፤ ይቀመጡ።»

የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ልፍጠን ብል እግዚአብሔርን ፈራሁ፤ ቀስ ልበል ብል ጠመንጃውን። ላቤ ገጹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስጨርስ «ከነገው ስብሰባ እንዳትቀር» ብሎኝ ብቻ ወጣ። ባለቤቴ ግን ለእስር ቤት የሚሆነኝን ጋቢና በሶ ቋጥራ ጨርሳ ነበር። (በሶውን ለምሳ በላነው።)

ዛሬ የደወለልኝ የዱርቤቴ ከተማ ደንበኛዬ ነው፤ የበርበሬ ዋጋ ሊጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም። ወደ ዳዊቴ ስመለስ የቱ ጋ እንዳቆምሁ ጠፋኝ። ፈርቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

እናንተስ ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን የሚቀድምባችሁ ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ የማነበው ግን ነገ ዳዊቴን ስጨርስ ነው።