እጅሽ የት ነው? ከቀጨኔ ሱሉልታ ደርሶ መልስ

ጣሊያን ከተማችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከቀጨኔ ተነስተን በሩፋኤል በኩል እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ለገበያ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያን ዕለት ግን ገበያው ሰበብ ነበር። ወንድሜን ታደሰን ከከተማ ልናወጣው ነው የሄድነው። ታደሰ ተማሪ ቤት ያስተምር ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሰው እንደ አውሬ ይታደናል። ጓደኞቹ ከየቤታቸው ተወስደው አልተመለሱም። ቀጣዩ እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ይህን ለመጻፍ የበቃሁት በእሱ ነው።

የሚያሻግሩን ሐጂ ኑርዬ ነበሩ። ሐጂ ጨውና በርበሬ በአህያ ጭነው ሱሉልታ የሚነግዱ፣ አባቴ የሚሠራውንም ጋቢ የሚገዙ የረጅም ጊዜ ወዳጃችን ናቸው። ጣሊያን ለሙስሊም ነጋዴ የይለፍ ወረቀት ብዙም አይከለክልም ነበርና ለራሳቸውና ለአንድ አሽከር የሚሆን ወረቀት ነበራቸው። አሽከሩ ታደሰ ይሆናል፤ ስሙም ሰይድ። አባቴና እኔ በራሳችን ስም፣ ሸማ ሊሸጡ እንደሚወርዱ ሸማኔና ፈታይ ሆነን፣ ከእነሱ ጋር የማንተዋወቅ መስለን ከኋላ እንከተላለን። ሐጂ አባቴን እንዲቀር ለምነውት ነበር።

"ልጄን ሳልሸኝ?" አለ አባቴ። በዚሁ አለቀ።

ንጋት፣ ቀጨኔ

ከቤት ከመውጣታችን በፊት አባቴ የታደሰን ማተብ ከአንገቱ ላይ ፈታ። በቢላ እንበጥሰው ብዬው ነበር፤ እምቢ አለ። "ማተቡን የበጠሰ" መባል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ቋጠሮው ለዓመታት ጠብቆ ስለ ነበር በጥርሱ እየታገለ ፈታው። እኔ ተቀብዬ ክር ጠመጠምኩበት፤ ተራ ልቃቂት እስኪመስል ድረስ።

ሐጂ ጭነቱን አስረው ሲጨርሱ አንድ በአንድ አዩን። "እኛ ዘንድ ከሥራ በፊት ኒያ አለ" አሉ። "ምን ልሠራ ነው ብሎ ልብን ማቆም ነው። እግር ልብን ጥሎ ከሄደ ዛሬ እናልቃለን። ሰይድ፣ ቀኝ እጅህ የት ነው?"

ታደሰ ስሙ ስላልሆነ ዝም አለ።

"ሞትክ" አሉት ሐጂ። "ሰይድ!"

"አቤት።"

"እጅህ?"

"ገመዱ ላይ።"

"ሱሉልታ እስክንገባ ከአህያው ገመድ ላይ እንዳይነሳ። አስካለ፣ አንቺም እየሄድሽ እንዝርትሽን አሹሪ። ሥራ የያዘ እጅ ሌላ ነገር አያምረውም።"

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰው ሊገደል እየተፈለገ የምን እጅ ጥበቃ ነው፣ እኚህ ሽማግሌ ጃጁ እንዴ አልኩ በሆዴ።

ዳገቱን ስንይዝ መንደሩ ጭር ብሏል። ያለወትሮው ደጁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ጣሊያን ካቃጠላቸው ቤቶች የቀረው ጥቁር ግድግዳ ዝናብ እየበላው ቆሟል። የመድኃኔዓለም ጉልላት ብቅ እንዳለ ታደሰ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ቀኝ እጁም ገመዱን ለቆ ግንባሩ ላይ ደረሰ። ሊያማትብ መሆኑን እሱ ራሱ አላወቀም።

"ሞትክ" አሉ ሐጂ። "እንመለስ።"

አህዮቹን አዙረን ወረድን፤ እንደገና ወጣን። እጁ ዝም አለ፣ አንገቱ ግን ጎንበስ አለ። ደግሞ ተመለስን። "አህዮቹ እንኳ ታዘቡን" ብዬ ሳቅኩ። በመጨረሻ ታደሰ የመድኃኔዓለምን ደጅ እንደ ማንኛውም አጥር አለፈው። አባቴ ግን አልሳቀም። ልጆች ሳለን ትንሿን እጃችንን ይዞ ከግንባር ወደ ደረት እየመራ ማማተብ ያስለመደን እሱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"አባባ፣ እግዜር እኮ ያውቃል" አልኩት።

"እሱማ ያውቃል። እኔ የምፈራው እጁ እንዳይረሳው ነው።"

ረፋድ፣ ሩፋኤል

ኬላው ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነበር። ሆን ብለው እዚያ ያደረጉት ነው ይባላል። መንገዱን አጣና ዘግቶታል፤ ከድንኳኑ ጥላ ሥር ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ተቀምጠዋል፤ ሰዉን የሚፈትሹት ባንዶች ናቸው። አንደኛው ባንዳ የጉለሌ ልጅ ነው፤ የአገሩን ልማድ ጠንቅቆ ያውቃል። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው የፊጥኝ ታስሮ፣ ተንበርክኮ ፀሐይ ይመታዋል። ሰልፍ ላይ የነበርነው ሁሉ እሱን ላለማየት መሬት መሬት እናያለን። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ብቻ ሥራዬ ብላ ስፌዷን ታንቀረቅባለች።

ሐጂ ወረቀታቸውን ሰጡ። ታደሰ ከጎናቸው ገመዱን ይዞ ቆመ፤ አጥብቆ ከመያዙ የተነሳ የጣቱ አንጓዎች ገርጥተዋል። ልክ ያን ጊዜ ደወል ተደወለ። ሰልፉ ሁሉ አጎነበሰ፤ እኔም እንዝርቴን ይዤ ጎንበስ ብዬ አማተብኩ። ታደሰ የአህያዋን ጆሮ እያየ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁ ገመዱ ላይ ነበር። ባንዳው ወረቀቱን መለሰ፤ አጣናው ተነሳ፤ አለፉ። ሴቶችን በሌላ በኩል ያሳልፉ ስለ ነበር እኔም ወዲያው አለፍኩ። እፎይ ልል ነው።

"አንተ ሽማግሌ!"

ዞር አልኩ። በሕይወት ዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለም አልፎ የማያውቀው አባቴ፣ የደወሉን ድምፅ አልሰማም ነበር። ከሰልፉ ሁሉ ሳያጎነብስ የቆመው እሱ ብቻ ነበር። ልቡም ዓይኑም የልጁ ቀኝ እጅ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

"ማተብ አስረህ ደወል ሲደወል ትገተራለህ? ምኑን ነው እንደዚያ አፍጥጠህ የምታየው?" አለ ባንዳው፤ አባቴ ወዳየበት አቅጣጫም ሊዞር አንገቱን መለስ አደረገ። ታደሰ ከአጣናው ብዙም አልራቀም።

አባቴ ያን ጊዜ ነቃ። ፊቱ ላይ አየሁት። ጋቢውን ከትከሻው አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ።

"አንተን ነው የማየው" አለ ጮክ ብሎ። "በሩፋኤል ደጅ አንተ ተገትረህ እኔ ባጎነብስ፣ ለባንዳ አጎነበሰ እንዲሉኝ ነው?"

ጎረቤት ላይ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ባንዳው የጠመንጃውን ሰደፍ አፉ ላይ አሳረፈበት። ወታደሮቹ ከጥላው ተነሱ፤ የሁሉም ዓይን አባቴ ላይ ሆነ። እኔ ሳላውቀው ወደ እሱ መራመድ ጀምሬ ነበር። ከወደቀበት ቀና ብሎ አየኝ።

"እህቴ፣ አንቺን አይመለከትሽም" አለኝ። "ሂጂ፣ ገበያው ያልፍብሻል።"

እህቴ አለኝ፣ አባቴ።

ከፊት የሐጂ ድምፅ ተሰማ፦ "ሰይድ! ምን ያስገትርሃል? ንዳ!" ታደሰ ዞር ሳይል ነዳ። እኔም ፊቴን አዙሬ እንዝርቴን እያሾርኩ ሄድኩ። አባቴ "ክር የሚበጠሰው ልብ የሄደ ጊዜ ነው" ይል ነበር። ያን ዕለት ክሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተበጠሰም፤ ለዚህም ራሴን ጠላሁ።

ቀትር፣ እንጦጦ

ባሕር ዛፉ ውስጥ እንደ ገባን ታደሰ ገመዱን ጥሎ ተቀመጠ። "እመለሳለሁ" አለ። "እጄን እሰጥና ይለቁታል።"

"አይለቁትም" አሉ ሐጂ። "ሁለታችሁንም ይበሏችኋል። አባትህ የከፈለውን መሬት ላይ አትድፋው።"

በሶ በጥብጠን ያዝን እንጂ ማንም አልቀመሰም። ሐጂ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ያለ ጥምጥም አይቻቸው አላውቅም፤ ድንገት ያረጁ መሰሉኝ።

"ያንተን እጅ ጠበቅኩ፣ የአስካለን ጠበቅኩ" አሉ። "እሱ በስሙ ነው የሚሄደው፣ እሱ ምንም የሚደብቀው የለም ብዬ የወዳጄን እጅ ረሳሁ። ሸማውን አስካለ አዘለችው፤ እሱን ባዶ እጁን ለቀቅኩት።"

እጅዎ የት ነበር ብዬ ልጮህባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለቅሷቸውን ሳይ ተውኩት።

ሱሉልታ

አመሻሹ ላይ የሐጂ ደንበኛ ከሆኑት ከወይዘሮ ጫልቱ ቤት ገባን። ሜዳው በመስከረም አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ የማየው ነበር። ገበያተኛው የጣሊያንን ወረቀት ገንዘብ አልቀበልም እያለ ጨውን በእህል ሲለውጥ ውሏል። ወይዘሮ ጫልቱ እርጎና ጭኮ አቀረቡ፤ ፊታችንን አይተው ምን ሆናችሁ አላሉም። "ሞት ያለበት ቤት አይጠየቅም" አሉና አጠገባችን ተቀመጡ።

ልቃቂቱን እየፈታሁ ማተቡን አወጣሁ። ታደሰ አንገት ላይ መልሼ አሰርኩለት። እሱ ቀኝ እጁን አነሳ፣ ግንባሩ ላይ አደረሰው፣ እዚያው ቀረ። እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በኋላ ከጫካ የመጣ ሰው ይዞት ሄደ። እስከ ዛሬ ያገኘሁት ወሬ በሐጂ በኩል የመጣ አንድ ሰላምታ ብቻ ነው።

መልስ

በማግስቱ ከሐጂ ጋር በዚያው መንገድ ተመለስን። ኬላው ላይ ያው ባንዳ ነበር። ቆሎ ሻጯ ቆሎ የምትሰፍርልኝ መስላ፣ "ትናንት ማምሻውን በካሚዮን ጫኗቸው፤ ወዴት እንደሆነ እንጃ" አለችኝ።

ወደ ሩፋኤል ዞርኩ። እድሜዬን ሙሉ ያማተብኩት የሚያሳክክ ቦታ እንደማከክ ነበር፤ እጄ ያደርገዋል፣ እኔ አልኖርም። ያን ዕለት እንዝርቴን መሬት አስቀምጬ፣ ከግንባሬ ወደ ደረቴ፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዷን አውቄ አማተብኩ። አባቴ ያላደረሰውን እኔ አደረስኩለት።

"እንዲህ ነው እንጂ ክርስቲያን!" አለ ባንዳው። "ትናንት አንዱ ግትር ሽማግሌ እንዳንቺ ቢያደርግ ኖሮ ቤቱ ባደረ።"

እንዝርቴን አንስቼ አለፍኩ። አባቴ ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ሐጂ ያልጠየቁበት እስር ቤት የለም።

ልብ ማለት ያድናል ይላሉ። እውነት ነው፣ ወንድሜን አድኖታል። አባቴን የወሰደውም ልቡን ሁሉ አንድ እጅ ላይ ማድረጉ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት የነቃውም ያው ልብ ነው፤ ስለዚህ የትኛውን እንደማመሰግን የትኛውን እንደምረግም አላውቅም። ሐጂ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አሻግረዋል። ሲነሱ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ምንም የማያሰጋውን ሰው ነው።

ዓርብ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ይጎበኙኛል። አባቴ እግሩን ከቶ ይሠራበት ከነበረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። የጀመረው ጋቢ አሁንም እንደ ተወጠረ ነው፤ አልነካሁትም። "እጅሽ የት ነው?" ይሉኛል። "እንዝርቱ ላይ" እላለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ግን ይህን አልጠየቁኝም። አባቴ ማግ የሚያሾልክበትን መወርወሪያ ከሸማው ላይ አንስተው በመዳፋቸው ሲያገላብጡት ቆዩ።

"ይቺን እንኳ ባስይዘው ኖሮ" አሉ።