ለሞት የማይሆን ፊደል

ሴትዮዋ ወደ አታሚው ዶብሪን ማተሚያ ቤት የገባችው ቀይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ነው። ቪዲን ከተማ ውስጥ ሟች በኖረበት ቤት በር ላይ የሚለጠፍ የሞት ማስታወቂያ ሊያሳትም ቀይ ለብሶ የሚመጣ የለም። የሟቹን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር አውራ ጣቷ ጉንጩ ላይ ትንሽ ቆየ። ዶብሪን ፊቱን አወቀው። ጠዋት ለሟቹ ሚስት ያተመው የዚህኑ ሰው ማስታወቂያ ነበር፤ በጥቁር ክፈፍ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ባለ ፊደል።

«በዚህ አድርግልኝ» አለች፣ ግድግዳው ላይ ካሉት የፊደል ናሙናዎች በእጅ የተሞነጫጨረ የሚመስለውን እያሳየች።

«ኧረ እትዬ! ይኼ እኮ ለአይስክሬም ቤትና ለልደት ካርድ ነው። ለሞተ ሰው ነውር ነው።»

«ነውሩስ እሱን በዚያ በተለመደው ቀጥ ያለ ፊደል መገተር ነው። እኔ ዘንድ ሲመጣ ገና ከደጅ እየዘፈነ፣ ጫማውን ወዲያና ወዲህ ወርውሮ ነበር የሚገባው። እንዲያ ያለ ሰው በየትኛው ፊደል ይጻፋል?»

ዶብሪን ፊደሉን እየመረጠ፣ «ከታች ‹ሐዘንተኛ ቤተሰቡ› ልበል?» አላት።

«ምንም አትበል።»

ወረቀቱ ሲወጣ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሰችም። አንድ ቅጂ ብቻ ወሰደች። ዶብሪን ጭንቅ አለው።

«አደራዎን እትዬ፣ ሚስቱ በር ላይ እንዳይለጥፉት!»

ሻርፗን አጠበቀችና ዞር አለች።

«እዚያ ምን ወሰደኝ? ደንቡ ሟች በኖረበት ቤት በር ላይ አይደል? የራሴ በር ላይ ነው የምለጥፈው። መንደሩ ያንብበው!»