የቨርሊን አርባ አምስት

ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው “የማይነክስ፣ ጥይት የማይሰነቅር ሽጉጥ የቱ ነው?” እያሉ ሲጨቃጨቁ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እነሱ የጀመሩት መስሏቸዋል! የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ከእህል ጎተራው ጀርባ ባለችው የተኩስ ክበባችን፣ ሁለት ሰዎች በዚሁ ነገር ሁለት በጋ ሙሉ ሲናቆሩ የውድድሩ ዳኛ እኔ ነበርኩ።

አንደኛው ቨርሊን ራደማከር ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ሞተር በጆሮው ብቻ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ። ያኔ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሽጉጡ የድሮ ብረት ባለ አርባ አምስት ካሊበር ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተወዳደረባት። ሌላዋ ዳርላ ኑትሰን፣ ፖስታ አዳይዋ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን። እሷ የምትተኩሰው ያን ጊዜ ገና ብቅ ባለችው ፕላስቲክ ባለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው።

“መጫወቻሽን ይዘሽ መጣሽ?” ይላታል። እሷም መጫወቻዋ እንደማትነክስ፣ የእሱ ቅርስ ግን ሙዚየም እየናፈቃት እንደሆነ ትነግረዋለች። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቺሊያቸውን፣ ያንን የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ በቀረፋ ዳቦ ይበላሉ። የዚያን ጊዜ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል!

እኛ ጋ የሚተኮሰው በአንድ እጅ ነው። ሽጉጥ የነከሰበት ሰው ባዶ እጁን ያነሳና “አሊባይ” ይላል። ዳኛው ሄዶ ያያል። ጥፋቱ የሽጉጡ ከሆነ ዙሩን እንደገና ይተኩሳል፤ የተኳሹ ከሆነ ግን የጎደለው ጎደለ፣ ወይ ፍንክች። ደግሞ የእጅ አንጓው የላላ ሰው ሲተኩስ ደህናው ሽጉጥም ይነክሳል። ይህን የማያውቅ ክበባችን ውስጥ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ጸደይ የቨርሊን እጅ በየእሁዱ ውድድር ይነሳ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅንበት። ሞላ ቀየረ፤ ካዝና ቀየረ፤ ጥይት ቀየረ። እኔም እየሄድኩ አያለሁ፤ ቀለሁ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ተሰንቅሯል። አንጓው እንደከዳው ልቤ ያውቃል። “ሞላው ነው፤ አሊባይ ተፈቅዷል” እለዋለሁ። ዋሽቻለሁ፤ ይኸው አመንኩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያች እሁድ በቀር ምንም አልቀረውም፤ አንጀቴን በላው።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውድድር በሌለበት፣ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። እኔና ዳርላ የኢላማ ሰሌዳ እንጠግን ነበር።

“ዳርላ፣ የእኔንም ያንቺንም መቶ መቶ ተኩሺባቸው” አለ። “የእኔዋ ከነከሰች አርጅታለች፤ ሌላ እገዛለሁ። ካልነከሰች ግን ጥፋቱ የእጄ ነው፤ ከእንግዲህ የተኩስ መስመሩ ላይ አልቆምም።”

ይህን ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ዳርላ የእሱን አነሳች። ሃምሳ አለፈ፤ ሰባ አለፈ። እኔ ልሙት፣ ዘጠናን ስታልፍ “ንከሺ፣ እባክሽ ንከሺ” እያልኩ ስጸልይ ነበር። ሽጉጧ መቶውንም ሳትነክስ ጨረሰች። የራሷን ስታነሳ ያቺ የምትመካባት ፕላስቲክ ስልሳ ምናምን ላይ አንዴ ነከሰችባት። ሌላ ቀን ቢሆን ቨርሊን ጣራ እስኪነቀል ይስቅባት ነበር።

“የእሱዋ ሁለቴ ነከሰች እንበለው” አልኳት። “ማን አየን?”

ተቆጣችኝ። ሰውየው ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ እያንዳንዷን ጥይት ቆጥሯል አለችኝ። ደግሞ ያንን ያህል ዓመት ያገለገለችውን ሽጉጥ ስሟን ላጠፋባት አልችልም አለች። እውነቷን ነው። አፈርኩ።

ወደ መኪናው ሄድን። መስኮቱን ዝቅ አድርጎታል፤ የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ይዞታል፣ ሊደብቀውም አልሞከረም።

“ያንተዋ አንድም አልነከሰች” አለችው። “የእኔዋ አንዴ።”

 ፈገግ ብሎ ቀና አለ።

“ሁለት በጋ ሙሉ ስነግርሽ! አሸነፍኩሽ አይደል?”

“አሸነፍከኝ” አለችውና በመስኮቱ ገብታ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ዞር አልኩ። ስንት ዓመት ስዳኝ፣ ክርክር ረትቶ እንደዚያ ልቤን የሰበረው ሰው የለም።

እሁድ ቨርሊን በሰዓቱ መጣ። ሽጉጥ አልያዘም።