ከወጥ ቤቱ በር እስከ ጓሮው

ሰፈሩ በሙሉ «ሐዲዱ» ይለዋል። አርባ ዓመት የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስለ ዝናብ ብታነሣበት፣ ስለ ጥርስ ሕመም ብታነሣበት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬውን አዙሮ ሐዲድ ላይ ያወጣዋል። ባለቤቱ፣ «የእኔ ሰውዬ ለቅሶ ቤትም ገብቶ ስለ ብሎን ሳያወራ አይወጣም» እያለች ትስቅበታለች።

እሷን አምና ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበቷን ግን ጫፉንም አልነካው። በተሽከርካሪ ወንበር ቤቱን እንደ ልቧ ትዞራለች። ችግሩ ከወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮ የሚያወርዱት አራት ደረጃዎች ናቸው። አንድ ቀን ከነወንበሯ ሊያወርዳት ሲል እግሩ አዳልጦት ተያይዘው ከመውደቅ ለጥቂት ተረፉ።

«ዕቃ አደረግኸኝ እኮ» አለችው ነፍሷ መለስ ሲል። «ስትፈልግ ታወጣኛለህ፣ ስትፈልግ ታስገባኛለህ።»

ይህች ቃል ውስጡ ገብታ ከነከነችው። በማግስቱ ከበሩ እኩል የሆነ፣ በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መውረጃ ያለው ሰፊ የጣውላ በረንዳ ሊያሠራ ቆረጠ።

ልጃቸው፣ «አባዬ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ እኮ፤ አምጥቶ መግጠም ብቻ ነው» አለችው።

«እናትሽስ ተዘጋጅታ የተሸጠች ናት?»

ጠመኔ አንሥቶ የሳሎኑን ወለል ማስመር ጀመረ። ሚስቱን መሀል አስገብቶ፣ «እስኪ ዙሪ!» አላት። ዞረች፤ ጎማው መስመሩን አለፈ። አጠፋና አሰፋ። በአምስተኛው ዙር ላይ፣ «በቃ፣ አዞረኝ እኮ! ልታስጨፍረኝ ነው ወይስ ልታሳብደኝ?» ስትለው ጎማው መስመሩን ሳይነካ ዞረ። ልኩን ወረቀት ላይ አሰፈረ። የጣውላውም ዓይነት ተመረጠ፤ የእንጨት ብናኝና ፕላስቲክ አንድ ላይ ተጨምቆ የሚሠራው፣ ኮምፖዚት የሚሉት። አይበሰብስም፤ እጇንም ስንጥር አይወጋትም።

አናጢው እጀ ቀና፣ ፈጣን፣ ትንሽም ኩራት ቢጤ ያለበት ጎልማሳ ነበር። በሁለት ቀን ምሰሶውንና ጣውላው የሚያርፍበትን ተሸካሚ አቁሞ ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ ግጥም አድርጎ፣ ከግድግዳው ጋር አላትሞ መታቸው።

«እዩት ጋሼ፤ ምላጭ አያስገባም!»

ሐዲዱ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሥራህ ያምራል። ግን ፀሐይ ሲመታው የት ይሂድ?»

«ማን?»

«ጣውላው።»

አናጢው ፊቱ ተቀያየረ። «ጋሼ፣ ሙያውን ከአባቴ ነው የተማርኩት። እንጨት በሙቀት ሲረዝም አላየሁም።»

«ልክ ብለሃል፤ እንጨት ቢሆን አልናገርህም ነበር። ይኼኛው ግማሹ ፕላስቲክ ነው። እኔ ብረት ሲያብጥ፣ መሄጃ ሲያጣ፣ እንደ እባብ ሲጣመም በዓይኔ አይቻለሁ። አንከራከር፤ እንለካው።»

ባለቤቱ ከመስኮቱ ሆና፣ «ዳኛዋ እኔ ነኝ!» አለች።

አራት ሜትር የሚሆን ጣውላ ጥላ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አጋደሙና በሁለቱ ጫፎች ትይዩ ሲሚንቶውን በስል እርሳስ አሰመሩበት። ፀሐይዋ ዞራ መጥታ እላዩ ላይ ተኛችበት። እኩለ ቀን ላይ አናጢው ራሱ ተንበረከከ። ለካ። ሜትሩን አጥፎ እንደገና ለካ።

«አራት ሚሊ» አለ ቀስ ብሎ።

«አልሰማሁም!» አለች ዳኛዋ።

«አራት ሚሊ ሜትር አድጓል፣ እትዬ!»

ሐዲዱ አልሳቀበትም። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ «እኔም ይህን ያወቅሁት ከአንዴም ሁለቴ ተሳስቼ ነው። በል ያኛውን ጫፍ ያዝ፣ አብረን እንንቀለው» አለው።

ነቀሉት። ከሰዓቱን ሁሉ በየመጋጠሚያው ክፍተት እየተዉ፣ ከግድግዳውም እያራቁ ሠሩት። መውረጃው ላይ ተሸካሚዎቹን ይበልጥ ያቀራረባቸው አናጢው ነው፤ ሲጠየቅም፣ «የወንበሩ ክብደት አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ይኼን እንኳ እኔ ልንገርዎት» አለ። ሐዲዱ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ አደረገው።

የበጋው ሐሩር መጣ፤ አንድም ጣውላ ተነሥቶ ብቅ አላለም፣ አልተጣመመም። አናጢውም ለሌላ ደንበኛ በዚያው ዓይነት ጣውላ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ ደውሎ ያማከረው ሐዲዱን ነው።

ባለቤቱ ግን ያኔ ሥራው ባለቀበት ቀን ማንንም አልጠበቀችም። በቀኝ እጇ ጎማውን እየገፋች፣ በቀኝ እግሯ ወለሉን እየረገጠች ወጣች። መሀል ላይ ደርሳ አንድ ዙር ዞረች። ባሏ ሮጦ ወንበሩን ሊይዝላት ሲል እጇን አነሣች።

«ግባ፣ ግባ! አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነበርክ። እስኪ ትንሽ ብቻዬን ልቀመጥ።»

ሐዲዱ ገብቶ በሩን ክፍት ተወላት።