መጠጥ በሌለበት ከተማ አስካለን ፍለጋ

ከድሬዳዋ የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ለጎረቤቶቼ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላመጣ ነው ብያቸዋለሁ፤ ሱቄ የሚሸጠው እሱን ስለሆነ ማንም አልጠረጠረኝም። አንባቢን ግን መዋሸት አልፈልግም። ሀርጌሳ የሄድኩት አስካለን አግቢኝ ልላት ነው።

አስካለ ጅጅጋ ውስጥ አራት ጠረጴዛ ያላት ቡና ቤት ነበረቻት። እኔ ደግሞ ከተማን በቡና ቤቱ የማውቅ ሰው ነኝ። ናይሮቢ ቢራ ሳዝዝ «የቀዘቀዘ ነው የሞቀ?» ብለው ጠይቀውኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ጅቡቲ ወደቡ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ጠጥቼ ዋጋውን ስሰማ ሁለተኛውን ለማዘዝ ወኔ አጣሁ። አዋሽ ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ቆሜ ጠጥቻለሁ። ከሁሉም የሚናፍቀኝ ግን የአስካለ ቤት ነው። እሷ ስትቀዳ አረፋው ብርጭቆው አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል እንጂ አይፈስም። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ «አስኩ፣ አንቺን ነበር ማግባት» እላታለሁ፤ እሷም ትስቅና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ትሄዳለች። በኋላ የቤቱ ባለቤት ሕንፃውን ሲሸጠው ዘግታ፣ ዘመድ ተከትላ ሀርጌሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ በጅጅጋ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ቶጎጫሌ፣ ድንበሩ ላይ

የጅጅጋን አቧራ ጥርሴ ውስጥ እያንቀጫቀጭኩ ድንበር ደረስኩ። እዚያ የተሳፈርኩበት ላንድክሩዘር ሹፌር አብዲ የሚባል ቀልደኛ ሶማሌ ነው፤ አማርኛን ድሬዳዋ ለምዷል። ሻንጣዬን ሲጭን ቆም አለና፣

«ወንድሜ፣ ጠርሙስ ይዘህ ከሆነ እዚሁ ተሰናበተው» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ዋላሂ አላውቅህም።»

«ምንም አልያዝኩም።»

«ሐበሻ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

የኬላው ጠባቂ የውሃ ሃይላንዴን ከፍቶ አሸተተ። ውሃ ሆኖ ሲያገኘው ቅር ያለው መሰለኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የምሄድበት አገር ቢራ የለም፤ ያቺን ቃል ደግሞ ያለ ቢራ ተናግሬያት አላውቅም።

ከድንበሩ ወዲያ መንገዱ ሜዳው ላይ የተበታተነ የጎማ ዱካ ነው፤ ሹፌሩ ደስ ባለው ይነዳል። ግመሎቹ ገለል ለማለት አይቸኩሉም። ተሳፋሪው ሲያወራ እኔ በሆዴ የምላትን እደረድር ነበር።

ሀርጌሳ

ከተማዋ እየተሠራች ነው። አንዱ ግድግዳ በጥይት የተበሳሳ፣ አጠገቡ ያለው ልስኑ ገና ያልደረቀ። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ፍየል ታስራለች፤ በሩ ላይ ደግሞ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የእንጨት መወጣጫ ላይ ከተሰቀሉት ሠራተኞች አንዱ «ሲሚንቶ አቀብለኝ!» ብሎ ሲጮህ በአማርኛ ነው። ቀና ብዬ ሳየው እሱም አየኝና በእጁ ሰላም አለኝ። ስለ አስካለ የጠየቅኩት እሱን ነው፤ ያውቃት ነበርና ሻይ ቤቷን አመላከተኝ።

ምሳዬ ፓስታ ነበር፣ ከሙዝ ጋር። ሙዙን ለብቻው ብበላው አስተናጋጁ አዘነልኝ። የከፈልኩት የሽልንግ እስር ከምሳው ይወፍር ነበር።

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ

የአስካለ ሻይ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያና ሁለት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለው። ስገባ ልብሳቸው ሲሚንቶ የነካው ሰዎች ሁሉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ።

«በእግዚአብሔር» አልኩ። በአገራችን ቡና ቤቶች ለገባ ሰው ብድግ ማለት ከቀረ ቆይቷል።

አስካለ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯን ሸፍናለች፤ ቀሚሷ መሬት ይነካል። ትንሽ ከስታለች፤ አምሮባታል።

«ደሬ፣ ምን እግር ጣለህ?»

«ሽቦ ልገዛ» አልኩ። አፌን ልመታው ምንም አልቀረኝም።

የግመል ወተት የገባበት ሻይ ቀዳችልኝ። ሠራተኞቹ ከዱባይ የመጣ፣ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ በጣሳ ይዘዋል። አንዱ ለጤናችን ብሎ ጣሳውን ሲያነሳ፣

«ማጋጨት የለም!» አለችው። «ጎረቤት ሌላ ነገር ይመስለዋል።»

ሁሉም ሳቁ። ከሠራተኞቹ መሃል የተቀመጠው፣ ከድሬዳዋ የመጣው ልብስ ሰፊ ሼህ ኑር «አልሐምዱሊላህ፣ እኛ በሻይም እንሰክራለን» አለ። የማውቀው ቤት ነው፤ ጨዋታው ያው፣ አስካለም ያችው። የተለወጠው ብርጭቆው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

በማግስቱም ሄድኩ። ሰው ሳይበዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጅጅጋ ስትመጣ ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ የምትለኝ ነገር ነበር» አለች፣ ጠረጴዛውን እየወለወለች።

«አስታውሳለሁ።»

«አንዳንዴ እውነት ይመስለኝ ነበር። የሰከረ ሰው ሁሉ ሲወደኝ ነው የኖርኩት፤ በምን ልለየው? እዚህ ግን ሰው እህቴ ሲለኝ ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ጨርቁን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። መንገዱን ሁሉ የደረደርኩት ቃል አንዱም የለም።

«ሻይሽ ይጣፍጣል» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ብርጭቆውን አንስታ ገባች። ስሰናበታት የጎረቤቷን ሱቅ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ምናልባት ሽቦ ብፈልግ ብላ ነው።

ድሬዳዋ

ሽቦዬን ይዤ ገባሁ። ጓደኞቼ ለእንኳን ደህና መጣህ የለመድነው ቡና ቤት ወሰዱኝ። ስገባ ማንም ብድግ አላለም። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ቃሉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣልኝ፤ እንዴት ያምር ነበር! ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ አስተናጋጇም ቆማ ሰማች። አጨበጨቡልኝ። ያን ያህል የከፋኝ ምሽት የለም። መስማት ያለባት ሰው ድንበር ተሻግራ ሻይ ታፈላለች።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። ያን ሁሉ አገር የዞርኩት ቡና ቤት ፍለጋ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ድፍረት ፍለጋ ነው። የተገኘው ድፍረት ደግሞ ከጠርሙሱ ጋር ያልቃል።

ጠዋት፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ስልክ ቤት ሄድኩ። ባለ ሱቁ ሊጠራት ሄዶ ብዙ አስጠበቀኝ። በመጨረሻ ድምጿ መጣ።

«ደሬ፣ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እንግዲያው ንገረኝ» አለች።

ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ።