አምስት ስልቻ በአንድ ስልክ

«መዝገቡን አውጣልኝ ነው ያልሁህ፤ ምክር ስጠኝ አላልሁህም!»

መምህሩ ጠረጴዛዬን በቢሮ ቁልፋቸው ያንኳኳሉ። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ እመልሳለሁ። «መምህር፣ መዝገቡ የሚያሳየው የቤት ሥራው ከየትኛው ስልክ እንደ ገባ ነው። ማን እንደ ሠራው አያሳይም።»

«አራት ተማሪ፣ በአንድ ስልክ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ! ኩረጃ ካልሆነ ምንድን ነው? ማኅበር ነው?»

ማኅበር ሊሆንም ይችላል። አፌ ላይ የመጣው ግን የማስተዋል ስም ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ኮሌጁ ሲቀጥረኝ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚማሩበትን፣ የቤት ሥራ የሚያስገቡበትንና ውጤት የሚያዩበትን ሲስተም መንከባከብ ነበር። መንከባከብ ይበሉት እንጂ ስድብ መቀበል ነው። ፓስወርዱን የረሳ መምህር ሲስተሙን ይሰድባል፤ ሲስተሙ ጆሮ ስለሌለው እኔ እሰማለታለሁ። አንዱማ የፈተና ጥያቄውን ከነመልሱ ለክፍሉ ሁሉ ከለቀቀ በኋላ «ምነው አላስጠነቀቅኸኝም?» ብሎኛል። ያን ጊዜ ግጥም የምሞካክረው ተበላሽቶ በታተመ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። ወረቀት አጥቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምት ተማሪዎቹ አገራቸው ገብተው አንድ ኮርስ በርቀት እንዲጨርሱ ተወሰነ። የወሰኑት ሰዎች ከከተማው መሀል ከአራዳ ወዲያም ኔትዎርክ ያለ መስሏቸው ነበር።

ማስተዋልን ያወቅኋት በስልክ ነው። መንደሯ ድብ ባሕር ከምትባለው ትንሽ ከተማ በላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ኔትዎርክ ታገኝና ትደውላለች። ከጀርባዋ በግ ይጮኻል፤ የማኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ ነገር ይዞራል ይዞራል፣ አይገባም።»

«ትንሽ ጠብቂው።»

«እኔስ ልጠብቀው፤ ዝናቡ እኔን ይጠብቀኛል?»

አንድ ቅዳሜ ከደብተር ላይ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች እንዴት አሳንሳ እንደምትልክ ሳስረዳት ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ «ገባ! ሸጋ!» ብላ ስትጮኽ፣ በዚያ ወር ያመሰገነኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ሆነች።

ሰኞ ጠዋት ያን ጊዜ የማስተዋል መምህር የነበሩት ሌላ ሰው ቢሮዬ መጡ። አምስት ሥራዎች ተከታትለው መግባታቸው አጠራጥሯቸዋል። መዝገቡን ሳወጣ አምስቱም ከአንድ ስልክ ናቸው። አዲስ ነበርሁና ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ስልኩ የተጻፈበትን መስመር በቢጫ ቀለም አደመቅሁት። የማስተዋልን ስም ያየሁት ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ነው።

ሐሙስ ተጠርታ መጣች። ገና ሳይነጋጋ ተነሥታ፣ ሁለት ማኪና ቀይራ፣ ነጠላዋ ረጥቦ፣ ጫማዋ በጭቃ ከብዶ። በር ላይ ሰላም ስላት ድምፄን አወቀችው መሰለኝ፣ በፌስታል የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ አቀበለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም መምህሩ ቢሮ ገባን።

«የአራቱን ፓስወርድ ከየት አመጣሽው?»

«ራሳቸው ሰጡኝ። በወረቀት ጽፈው።»

«ለምን?»

ጥያቄው ገረማት። «ስልክ ያለኝ እኔ፣ ገበያ የምወርደው እኔ። ወፍጮ የሚወርድ ሰው የጎረቤቱን ስልቻ ጥሎ ይሄዳል እንዴ፣ ጌታዬ?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር አህያ የጫነ ሰው የራሱን እህል ብቻ ይዞ አይወርድም። አምስት ስልቻ ይወርዳል፣ አምስት ስልቻ ዱቄት ይመለሳል፣ የማንም ከማንም አይቀላቀልም። አህያው አንድ ስለሆነ እህሉም የአንድ ሰው ነው ያለ አልሰማሁም።

መምህሩ ግን የኔን ወረቀት አነሡ። ቢጫው ከሩቅ ይታያል። «ይኸ አይዋሽም» አሉ። ለአምስቱም ዜሮ። ማስተዋል ያ ኮርስ ብቻ ነበር የቀራት፤ መስከረም ላይ ልትመረቅ ነበር።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። መዝገቡ መምህሩ ምን ከፍተው እንዳዩም ይጽፋል። ከአምስቱ ሥራዎች አንዱንም አልከፈቱም። እኔ ከፍቼ አይቻለሁ፤ አምስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አምስት ዓይነት ስሕተት፣ አንደኛው ገጽ ላይ ሻማ ፈሶበታል። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ የሙከራ ጊዜዬ አለማለቁ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ማስተዋል «እሺ» አለች። በሽተኛ የተኛበት ቤት ይመስል በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም። ቆሎው ሳምንት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ሰነበተ፤ መብላትም መጣልም አቃተኝ።

«ምን አፈዘዘህ? ታወጣለህ ወይስ ዲኑ ጋ ልሂድ?» የዛሬው መምህር እንደገና ጠረጴዛዬን በቁልፋቸው አንኳኩ።

«አወጣለሁ» አልሁና ኮምፒውተሩን ወደ መምህሩ አዞርሁት። «ይኸ የተማሪዎቹ ነው። አራት ሥራ፣ አንድ ስልክ። ይኸ ደግሞ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ምን?»

«ከፍተው ያነበቧቸው ሥራዎች ዝርዝር።»

ዝርዝሩ ባዶ ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ባዶውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። እኔ ደስ አላለኝም። ሰባት ዓመት ዘግይቶ የወጣ ቃል ምኑ ያኮራል? ለማስተዋል ምንም አይፈይድላትም። ያን ቀን ለመምህሯ አምስት ፋይል መክፈት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ለእኔ መናገሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ። የሚያበሳጨኝ ይኸ ነው፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑ።

«ልትፈትሸኝ ነው የተቀጠርኸው?»

«አይደለም መምህር። አራቱን ያንብቧቸው። ተኮራርጀው ካገኟቸው መዝገቡን አትሜ ቢሮዎ ድረስ አመጣለሁ።»

ከተበላሹት ወረቀቶች አንዱን ስቤ የአራቱን ስም ጻፍሁላቸው። ጀርባው ላይ ያላለቀ ግጥም ነበረበት። ሳያዩኝ ተቀብለው አጠፉት፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቁልፋቸውን አንሥተው ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ድው ብሎ ተዘጋ።