አሥራ አንዱ ሰንጠረዦች

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በድረ ገጻችን የመረጃ ቋት ውስጥ ለቪዲዮዎች የተለየ ሰንጠረዥ እንክፈት ብሎ ጠየቀኝ። ይህንኑ ድረ ገጽ አሰላ ውስጥ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጀመሪያ የሠራሁበት ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሙያውን የተማርኩት ብቻዬን፣ ከስልክ ላይ እያነበብኩ ነው። ማኅበሩ የሚያወጣውን ጽሑፍ ሁሉ በየዓይነቱ ለየሁት፤ ለዜና አንድ ሰንጠረዥ፣ ለማሳሰቢያ ሌላ፣ ለማስጠንቀቂያ ሌላ፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። እያንዳንዱ ጽሑፍ የአንድ ወረዳ ብቻ ነበር፤ ለሦስት ወረዳ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር።

ጽሑፎቹን የሚያስገቡት ወይዘሮ አስናቀች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ቀልደኛ ሴት።

"አንተ ቤት ብትሠራ ለጨው አንድ ክፍል፣ ለበርበሬ አንድ ክፍል ታወጣ ነበር" ይሉኝ ነበር። ስቄ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ነሐሴ ላይ ስንዴውን ቢጫ ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ መታው። የማኅበሩ የሰብል ባለሙያ መጀመሪያ "መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ጥቂት ቀን ጠብቁ" ብሎ ላከ። ወይዘሮ አስናቀች ለሲሬ፣ ለአርቦዬና ለጮሌ ሦስት ጊዜ ጻፉት። በማግሥቱ ባለሙያው ሐሳቡን ቀይሮ "ዛሬውኑ ርጩ" አለ። እሳቸውም ማስጠንቀቂያ የሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለቱን አግኝተው አረሙ። የጮሌውን ግን በስሕተት ማሳሰቢያ ውስጥ አስገብተውት ኖሯል። ዝርዝሩ ላይ ሌላ ስላላዩ ያለቀ መሰላቸው።

በሳምንቱ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ከጮሌ መጡ። ቦት ጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከኮታቸው ኪስ የስንዴ ቅጠል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አሹት፤ ቢጫ ዱቄት ቀረ።

"ገጹ ጠብቅ አለኝ፣ ጠበቅኩ" አሉ። "ጎረቤቴ ማንበብ አይችልም። እሱ በወሬ ሰምቶ ረጨ።"

ወይዘሮ አስናቀች ገጹን ከፍተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦቦ ገመዳ። ዛሬውኑ ይርጩ።"

ሰውየው ከማኅበሩ መጋዘን መድኃኒት ይዘው እየተቻኮሉ ወጡ። ወይዘሮ አስናቀች ከፋይል አንድ ደብዳቤ መዘው ፊቴ አኖሩት።

"እይ። ቀን አለው፣ ጉዳዩ አለው፣ ሐተታ አለው። ከታች ግልባጭ፤ ለሲሬ፣ ለአርቦዬ፣ ለጮሌ። ሹመትም ይሁን ስብሰባ መልኩ ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ አረቀቅሁት?"

"አላረቀቁትም።"

"ታዲያ?"

አራት ቀን ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ሳለ፣ ወይዘሮ አስናቀች ያመጡልኝን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በማንኪያ እየቆረስኩ አሥራ አንዱን ሰንጠረዥ አፈረስኩ። አንድ ቀረ፤ ርእስ፣ ቀን፣ ሐተታ፣ የሚደርሳቸው ወረዳዎች ዝርዝር። ዓይነቱ በአንድ ቃል ብቻ ይጠቀሳል። አንድ ቦታ ከታረመ ሁሉም ጋ ታረመ። ደክሜ የጻፍኩትን ሳጠፋ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው።

የኦቦ ገመዳ የላይኛው ማሳ ተረፈ። የታችኛው ፍሬ ስላልያዘ ለከብት ታጨደ።

ለባልደረባዬ፣ ቪዲዮውም እዚያው አንዱ ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲገባ ነገርኩት። ገጹ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ስሕተት አላሳየም። ኦቦ ገመዳ ግን እስከ ዛሬ ዋግ በወጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። "ገጹ ርጭ ይላል። እውነት ነው?" ገጹን ከፍቼ ቀኑን አይና "እውነት ነው አባባ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "እስቲ ባለሙያውን ደግሞ ልጠይቅ" ብለው ስልኩን ይዘጉታል።